ወተት ሲነፋን፣ እርጎ ሲስማማን፦ ስለ ሆድና ስለ ስኳር ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰፈር ቡና ላይ ስቀመጥ የሚዘንብብኝ ጥያቄ ብዙ ነው። የሰሞኑን እነሆ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል። እርጎ ግን ምንም አይለኝም። ሁለቱም ወተት አይደሉም እንዴ?

መ፦ ናቸው። ጣጣው ላክቶስ ላይ ነው። ይህ የወተት ስኳር ግሉኮስና ጋላክቶስ ተጣብቀው የሠሩት ነው። እንደተጣበቀ ወደ ደም አያልፍም። የሚለያያቸው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም (ምግብን የሚሰባብር የሰውነት ፕሮቲን) ነው፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ላይ ተተክሎ ይቀመጣል። እሱ ካነሰ ላክቶሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ውኃ ይስባል፣ ባክቴሪያ ያብላላዋል፣ ጋዝ ይፈጠራል። ከዚያ ሆድ ይጮሃል፤ አንዳንዴም ያስሮጣል። እርጎው ሲረጋ ግን ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ጨርሰውታል።

ጥ፦ ልጅ ሆኜ እኮ በጣሳ ነበር የምጠጣው!

መ፦ ያኔ ላክቴዝ ሞልቶህ ነበር። ጡት ከተጣለ በኋላ እየቀነሰ መሄዱ በዓለም ላይ የብዙኃኑ አዋቂ ነገር ነው፤ በሽታ አትበለው። በአንጻሩ ከብትና ግመል አርቢ በሆኑ ሕዝቦች ዘንድ ላክቴዙ ዕድሜ ልክ እንዲሠራ የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ በርከት ይላል። የሚገርመው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያሉት ለውጦች አውሮፓ ውስጥ ከተስፋፋው የተለዩ ናቸው። ሁለቱም ጋ ለየብቻ ተፈጥሮ ነው የተስፋፋው።

ጥ፦ የሻይ ስኳርስ?

መ፦ የሱ ሠራተኛ ሱክሬዝ ነው። ግሉኮስና ፍሩክቶስ አድርጎ ይከፍለዋል። ሲወለዱ ጀምሮ የሚጎድላቸው ጥቂቶች ናቸው። የእንጀራና የዳቦው ስታርችም (ብዙ ግሉኮስ ተቀጣጥሎ የሠራው) ምራቅና ቆሽት (ፓንክሪያስ) ከቆራረጡት በኋላ መጨረሻው ማልቴዝ በሚባል ሌላ የአንጀት ኢንዛይም እጅ ነው።

ጥ፦ ማርስ? እኔ ስኳር አለብኝ፤ የጫካ ማር አይጎዳም ይሉኛል።

መ፦ እትዬ፣ ይጎዳዎታል። ንቧ በራሷ ኢንዛይም ስኳሩን ቀድማ ከፍላዋለች። አንጀትዎ ብዙም ሳይደክም ደም ውስጥ ይገባል። የጫካም ይሁን የቀፎ፣ ያው ስኳር ነው። ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ይህን ለልጅዎም ይንገሯት።

ጥ፦ ለስኳሬ አካርቦስ የሚባል ኪኒን ታዞልኛል። ምን ያደርጋል?

መ፦ እነሱክሬዝንና ማልቴዝን ያዝ ያደርጋቸዋል። ስኳሩ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጋዙም የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስኳርዎ ድንገት ከወረደ የሻይ ስኳር ቶሎ አይደርስልዎትም፤ የሚከፍለው ኢንዛይም ታስሯል። ንጹሕ ግሉኮስ ነው የሚያስፈልግዎት። ከቦርሳዎ አይጥፋ።

ጥ፦ ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ኦአርኤስ ውስጥ ስኳር ለምን ይገባል? ለጣዕም?

መ፦ ኧረ በጭራሽ። የአንጀት ሴል ግሉኮስን የሚያስገባው ጨው ውስጥ ካለው ከሶዲየም ጋር ነው፤ ውኃው ተከትሏቸው ይገባል። በተቅማጥ ጊዜም ይህ በር አይዘጋም። ለዚህ ነው በ1 ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ የሚኖረው። ጣፋጭ ይሁንለት ብላችሁ ስኳር ከጨመራችሁበት ግን ተቅማጡን ታብሱታላችሁ።

ጥ፦ ልጄ ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ ከዳነ ወዲህ የላም ወተት አልስማማው አለ።

መ፦ ያጋጥማል። ተቅማጡ የአንጀቱን ሽፋን ሲያቆስል ላክቴዙም አብሮ ይሄዳል፤ ሽፋኑ ሲታደስ ይመለሳል። እስከዚያ እርጎ ሞክሪለት። ጡት የሚጠባ ከሆነ እንዳታቋርጪ። ሳምንታት አልፈው ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስም ሊሆን ይችላል።