ለታደሰው ኦርጋን «ንቃ» ማለት ጣዖት አምልኮ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህራችን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው በፈረንሳይ ነው። በፓሪስ ያለው የኖትር ዳም ካቴድራል ከቃጠሎው በኋላ በተከፈተበት ዕለት፣ ሊቀ ጳጳሱ ለታደሰው ትልቅ ኦርጋን እንደ ሰው «ንቃ» እያሉ ሲናገሩ፣ ኦርጋኑም በድምፅ ሲመልስ በቴሌቪዥን አይቼ ግራ ተጋባሁ። ነፍስ ለሌለው ዕቃ እንዲህ መናገር ጣዖት አምልኮ አይሆንም ወይ? የእኛም ማኅበረ ምእመናን የሚቀድሰው ከካቶሊኮች በተዋሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በዚያ ያለው ኦርጋን በቅርቡ ተፈትቶ እንደገና ተሠርቷል። የደብሩ ቄስ «በበዓላችሁ ቀን ኦርጋን ተጫዋቻችን ያጅባችሁ» ብለውናል። እሺ ብንል ችግር አለው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከእነርሱ ጋርም ከእኛ ጋርም የሚያገናኝ ጥያቄ ስለሆነ ሁለቱን ለይቼ እመልስልዎታለሁ። አስቀድሞ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የምንነጋገረው በአገራችን መዘምራን ዘንድ ክርክር ስለሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ኦርጋን አይደለም። የኖትር ዳሙ ኦርጋን በነፋስ የሚሠራ፣ 5 የጣት መምቻ ረድፎችና ወደ 8,000 የሚጠጉ ቧንቧዎች ያሉት፣ ረጅሙ ቧንቧው ወደ 10 ሜትር የሚደርስ ግዙፍ መሣሪያ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ እሳቱ አልነካውም፤ የጣሪያው እርሳስ ግን ቀልጦና ተንኖ እንደ አቧራ ወረደበት። ስለዚህ ፈትተው ወደ ሥራ ቤቶች ወሰዱት፣ አጽድተውም መልሰው ገጠሙት። ከዚያ በኋላ የቧንቧዎቹን ድምፅ ማስማማት ብቻ ወራት ወስዷል። ቀን ቀን የግንበኛውና የአናጢው ጩኸት ስለማያሠራ በሌሊት አንዱ ባለሙያ ከመምቻው ላይ ተቀምጦ አንዲቷን ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ሌላው በቧንቧዎቹ መካከል ገብቶ ያቺን ድምፅ እየሰማ ያርማል። ይህ ሁሉ ድካም ለዕቃው ራሱ ሳይሆን ዕቃው ለሚያገለግለው ምስጋና መሆኑን ካሰብን፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገውን ለመረዳት አይከብደንም።

በዚያ ዕለት ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን ስምንት ጊዜ ጠርተውታል፤ በየጥሪውም ተጫዋቾቹ በድምፅ መልሰዋል። ይህ በካቶሊካውያን ዘንድ ኦርጋን ሲባረክ የሚፈጸም ሥርዓት ነው። የጥሪዎቹን ይዘት ልብ ብለው ያዳመጡ እንደ ሆነ፣ ኦርጋኑ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግን፣ ያዘኑትንም እንዲያጽናና ይታዘዛል እንጂ ከእርሱ ምንም አይለመንም፣ ስግደትም አይቀርብለትም። ጣዖት አምልኮ የሚባለው ለፈጣሪ የሚገባውን ለፍጡር መስጠት ነው፤ ፍጡርን ፈጣሪውን እንዲያመሰግን መጥራት ግን የነቢያት ልማድ ነው። ልበ አምላክ ዳዊት በ56ኛው መዝሙሩ በገናውንና መሰንቆውን «ተነሡ» ይላቸዋል፤ በ148ኛው ደግሞ ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ በረዶንና ተራሮችን ለምስጋና ይጠራል። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰውም በቤቴል ቆሞ ለድንጋዩ «መሠዊያ ሆይ፣ መሠዊያ ሆይ» ብሎ እንደ ተናገረ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ተጽፎ እናነባለን። እኛስ ንዋያተ ቅድሳትን በጸሎት ባርከን፣ ታቦቱን በቅብዐ ሜሮን አክብረን ለአገልግሎት ስንለይ እንጨትና ብረት እናመልካለንን? ይህንኑ ክስ በእኛ ላይ የሚያነሡ ሰዎች ስላሉ፣ በሌላው ላይ ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ለእኛ የምንሰጠውን መልስ ማስታወስ ይገባናል።

ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ኦርጋን ለእኛም ይሁን» ለማለት ግን አንችልም። የዚህ መሣሪያ መነሻ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው መሐንዲስ ክቴሲቢዮስ በውኃ ግፊት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ኦርጋን ሠራ፤ ከዚያም በሮማውያን ዘንድ የትርኢት መሣሪያ ሆነ፤ በቁስጥንጥንያ ደግሞ የቤተ መንግሥት ክብረ በዓል ማድመቂያ እንጂ የቤተ መቅደስ ዕቃ አልነበረም። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ757 ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን የላከውም የነገሥታት ገጸ በረከት አድርጎ ነው። በምዕራብ ቀስ በቀስ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ገባ፤ ያም ሆኖ በ13ኛው መቶ ዘመን የራሳቸው ታላቅ መምህር ቶማስ አኩዊናስ፣ ቤተ ክርስቲያን በገናን የመሰሉ መሣሪያዎችን ለመለኮታዊ ምስጋና እንደማትጠቀም ጠቅሶ ጽፏል። ከፕሮቴስታንቶቹም ሉተር ኦርጋንን ሲያቆየው የዙሪኩ ዝዊንግሊ ከአምልኮ አስወጥቶታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባለ ቧንቧ ኦርጋን በከፍተኛ ክብር እንዲያዝ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደነገገች። ይህ የእነርሱ ታሪክና የእነርሱ ሥርዓት ነው። በእምነት ከምንመስላቸው ከአርመን እኅት ቤተ ክርስቲያን ደብሮች እንኳ፣ በተለይ በአሜሪካ ያሉት ብዙዎቹ፣ በኦርጋን ስለሚቀድሱ መሣሪያው ራሱ ርኩስ ነው የሚል ሰው እኅቱንም እንደሚኮንን ይወቅ።

የእኛ ሥርዓት ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች የሠራው ዜማ ከመሪጌታ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚተላለፍ፣ ከቃሉ በላይ በሚጻፉ ምልክቶች የሚታረም ነው። ሊቃውንቱ አንዷን ፊደል ሲያንሸራትቱና ሲያረግዱ ድምፃቸው የሚያልፍባቸው ስፍራዎች፣ አስቀድሞ ተለክቶ በተወሰነ የቧንቧ ድምፅ ላይ አይቀመጡም፤ ኦርጋኑ ካጀባቸው ዜማው ወደ ኦርጋኑ መጠን መታጠፉ አይቀርም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በስደት የሚያድጉ ልጆቻችን ዜማውን የሚሰሙት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያንኑም የታጠፈውን ከሰሙ ሌላ የሚያርማቸው የላቸውም። በቅዳሴያችን የሚሰማው የካህኑ፣ የዲያቆኑና የሕዝቡ ድምፅ ነው። በማኅሌት የምንይዛቸው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያም የድምቀት ዕቃዎች ብቻ ሳይሆኑ ትምህርት የተሸከሙ ናቸው፤ የከበሮው ሰፊ አፍ የክርስቶስ መለኮት፣ ጠባቡ የትስብእቱ ማለትም ሰው የመሆኑ፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ምሳሌ እንደ ሆነ አባቶች ያስተምራሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፣ የጾሙ ዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዜማል። በነገራችን ላይ ካቶሊካውያንም በጾማቸው ወራት ኦርጋን ለብቻው እንዳይጫወትና መዝሙሩን ለመደገፍ ብቻ እንዲሰማ ያዝዛሉ፤ ለጾም ዝምታ እንደሚገባው ሁለታችንም እናውቃለን ማለት ነው።

ስለዚህ የቄሱን ግብዣ በምስጋና ተቀብላችሁ፣ ኦርጋኑ በቅዳሴም በማኅሌትም እንዳይገባ በትሕትና መልሱ። መልሱን አንድ ምእመን በኮሪደር ላይ ከሚነግራቸው ይልቅ የሰበካ ጉባኤው ከአስተዳዳሪው ጋር ተመካክሮ በደብዳቤ ቢያደርገው ይሻላል፤ እግረ መንገዱንም ቄሱንና ኦርጋን ተጫዋቹን በበዓሉ ማኅሌቱን እንዲሰሙ ይጋብዛቸው። እርስዎም የኦርጋን ዝግጅት በሌላ ቀን ተጋብዘው ቢያዳምጡ ኃጢአት አይሆንብዎትም፤ በጸሎታቸው ተካፋይ መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ኦርጋኑ የአስተናጋጆቻችሁ ንብረት መሆኑንም አትርሱ። ልጆች መምቻውን እንዳይነኩ፣ ከበሮና የመቋሚያ ማስቀመጫ ወደ ሣጥኑ እንዳይጠጋ አንድ ሰው መድቡ። ቅዳሴያችን ረጅም በመሆኑ በብርድ ወራት ማሞቂያውን ከንጋት ጀምሮ ለብዙ ሰዓት ማብራት ለእኛ ቀላል ይመስለናል፤ ደረቁ ሙቀት ግን ነፋሱን የሚያከፋፍለውን የእንጨት ሣጥን ይሰነጥቀዋል፣ የቧንቧዎቹንም ድምፅ ከፍ አድርጎ ያዛባዋል። እንደገና ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ስለወጣበት፣ ማሞቂያው ስንት ዲግሪ ላይ እንዲቆም እንደሚፈልጉ ከመጪው እሑድ በፊት ጠይቋቸው።