ማድረቂያ ማሽን እንግዛ ወይስ ሸራ ይበቃናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከቃሉ ወረዳ ሐርቡ አካባቢ ነኝ፣ ማሽላና በቆሎ ነው የምናመርተው ትንሽ ማሾም አለችን። አምና ልክ ልንሰበስብ ስንል ያለወቅቱ ዝናብ መጣና በቆሎውን እንደምንም ፈልፍለን በጆንያ ከተትነው፣ ጥር ላይ ስንፈታው ከታች ያለው ተጋግሮ ሻግቷል ከላይ ያለውን ደግሞ ነቀዝ ጨርሶታል። አሁን አራት ጎረቤታሞች ሆነን የእህል ማድረቂያ ማሽን እንግዛ እያልን ነው፣ አንዱ ጓደኛችን ግን ማሽን ምን ያደርጋል አየር የማያስገባውን ከረጢት ግዙ በቃ ይለናል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አብሽር ወንድማችን፣ የናንተ ጥያቄ የብዙ ሰው ስለሆነ ሰፋ አርገን እንመልሰው። ጓደኛችሁ ያለው ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው ማለት ነው፣ ከውስጥ ሁለት ላስቲክ ከውጭ ጆንያ ያለው፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው። አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ያለምንም መድኃኒት ይሞታል። ግን ከረጢቱ አያደርቅም! እርጥብ እህል ከከተታችሁበት ውሃው የሚወጣበት የለውም፣ ከተራ ጆንያ የባሰ ሊበላሽ ሁሉ ይችላል። እህል እኮ ይተነፍሳል፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ አብዝቶ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ሙቀትና ውሃ ያወጣል፣ ጆንያው መሃል እጃችሁን ስታስገቡ የሚሞቃችሁ እሱ ነው፣ ሻጋታው የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ከረጢቱ ከዛ በኋላ።

ስንት ድረስ ይድረቅ ለሚለው፣ በቆሎም ማሽላም እርጥበቱ 13 በመቶ ወይ ከዛ በታች ሲሆን ነው ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው። በጥርስ ሰብሮ ቀጭ ሲል ደርቋል ማለት የለመድነው ነው ግን 13 እና 16ን በጥርስ መለየት አይቻልም። መለኪያ መሳሪያ ከሌላችሁ የጨው ሙከራውን ሞክሩት። ክዳን ያለው ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ፈልጉ፣ ጨዉን ፀሀይ ላይ በደንብ አድርቁት፣ ጠርሙሱን ሲሶ ያህል እህል ሙሉና ሁለት ሶስት ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ክደኑት፣ ደህና አርጋችሁ ናጡትና 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨዉ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ወደ ፀሀዩ መልሱት። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ወርዷል ማለት ነው፣ ግን 13 ደርሷል ማለት አይደለም፣ ፒክስ ውስጥ ልትከቱት ከሆነ ተጨማሪ ፀሀይ ስጡት። እዚች ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኬንያ ውስጥ ለትንሽ ገበሬ ተብሎ የተሰራ ኢዚድራይ የሚባል አለ፣ 5 ኩንታል በቆሎ በአንድ ዙር ይወስዳል፣ የበቆሎውን ቆረቆንዳ እያነደደ በፋን ሞቃት አየር ይነፋል፣ 3 ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። ቁም ነገር ያለው ማሽን ነው። ግን ለአራት ቤት፣ ያውም የሐርቡ ፀሀይ ላላችሁ ሰዎች፣ እኔ ግዙ አልልም። በዓመት ለጥቂት ቀን ሰርቶ ቀሪውን ጊዜ ቁጭ ይላል። ማህበሩ ወይም ቤት ለቤት እየዞረ በክፍያ የሚያደርቅ ወጣት ቢገዛው ግን ያዋጣል፣ ዝናብ በመጣ ጊዜ ሁሉም ይጠራዋል።

እናንተ መጀመሪያ ሸራ ግዙ፣ ጠንካራ፣ ለየቤቱ። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ እህል ከታች እርጥበት ይስባል፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጠጠሩና እበቱም አለ። ሸራው ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ አሳስታችሁ አስጡት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጡ፣ ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ሰብስባችሁ ሸፍኑት አለዚያ የሌሊቱ ጤዛ የቀኑን ልፋት ይመልሰዋል። ሳይቀዘቅዝም አትክተቱት።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ እሱን ሳልናገር አላልፍም። አንድ ኩንታል ከ20 በመቶ ወደ 13 ሲወርድ 8 ኪሎ ውሃ ያጣል፣ 5 ኩንታል ከሆነ 40 ኪሎ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። ነጋዴው ደረቁንም እርጥቡንም በአንድ ዋጋ በኪሎ ከገዛ ገበሬው አድርቆ ይከስራል፣ ታዲያ ለምን ያድርቅ? ስለዚህ አራት ሆናችሁ ማሽን ከመግዛት አራት ሆናችሁ ደረቅ እህል ይዛችሁ ተደራደሩ፣ ጨዉንም ገዢው ፊት ናጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ከኩታበር ነኝ። የኛ ችግር የበልግ ገብስ ነው፣ ስናጭድ ክረምቱ ይገባል፣ ፀሀይ የለም፣ ክምሩ ውስጥ ይበቅላል። ሸራ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ እናታችን እውነትዎን ነው፣ ለበልግ ደጋ የፀሀይ ምክር አይሰራም። እዚህ ላይ ወሳኙ ነፋስ ነው። ነዶውን እርጥቡን አይከምሩት፣ የቆርቆሮ ጣራ ስር ጎኑ ክፍት የሆነ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሰርተው አሳስተው ይደርድሩት ከታችም ከጎንም አየር ይግባው። ዝናብ ላይ አየሩ ራሱ በውሃ የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ማሞቅ ትልቅ ለውጥ አለው፣ አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ አንፃራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም መያዝ ከሚችለው ውሃ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳየው፣ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ማሽኑ በእውነት የሚያስፈልገው እንግዲህ እናንተ ጋ ነው፣ የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሰራተኛና ማህበሩን በጋራ ይጠይቁ። ለዘር የሚሆነውን ግን ለብቻው ያድርጉት፣ ከ43 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ላይበቅል ይችላል፣ ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ለሱ ይበቃዋል። የነቀዝ ኪኒን የሚባለውን ደግሞ የሚተኙበት ቤት ውስጥ በፍፁም፣ ጋዙ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። የሻገተ በቆሎ ታጥቦ ቢቆላ ይበላል? ካልሆነስ ለዶሮ?

መልስ፦ አይበላም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ መታጠብም መቁላትም መጋገርም አያጠፋውም፣ ሽታም የለውም። ዶሮ ከሰው ባልተናነሰ ትጎዳለች፣ የምትታለብ ላም ከበላችው ደግሞ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ጆንያው ውስጥ ተጋግሮ የሻገተውን ቅበሩት። ከዛው ጆንያ ንፁህ የሚመስል ካለ የጠቆረውን፣ የተሸበሸበውንና የተሰበረውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅማችሁ አውጡ፣ መርዙ አብዛኛው እነዛ ላይ ነው የሚገኘው፣ ለህፃን ገንፎ ግን ከዛ ጆንያ ምንም አትውሰዱ።