ኩሽኔታው ተበትኖ ውጪኛው ቀለበት ቤቱ ውስጥ ሲቀር

ከዓለም ገና የጠየቁን ወንድማችን እንደጻፉት፣ የወፍጯቸውን ኩሽኔታ (ዘንጉ በኳሶች ላይ የሚዞርበትን ቀለበት) ሊለውጡ በመንቀያ ሲስቡት ተበትኖባቸዋል፤ ውስጠኛው ቀለበትና ኳሶቹ ከዘንጉ ጋር ወጥተው፣ ውጪኛው ቀለበት ብቻ ኩሽኔታው በሚቀመጥበት፣ ከጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት) በተሠራው ቤቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። የቤቱ ጀርባ ድፍን በመሆኑ ከኋላ ገብቶ መግፋት አይቻልም፤ መንቀያ የሚይዝበት ጠርዝም የለም። «በስካርፔሎ (በብረት መሮ) ልምታው ወይስ በእሳት ላሙቀው?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሁለቱንም አልመክርም። ቡራዩ ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) እና ብየዳ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ቀለበት ብዙ ጊዜ አውጥቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ቤቱን ሰብሬያለሁ፤ ስለዚህ ከሰበርኩት ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሰው ደጅ ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ተመሳሳይ ችግር ይዘውልኝ መጡ። እኔም ቸኩዬ ስካርፔሎውን በቀለበቱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ በትልቅ መዶሻ መታሁት። ቀለበቱ ንቅንቅ ሳይል ጊዛው ድምፅ ሰጥቶ ከቡሎን ቀዳዳው እስከ ጠርዙ ድረስ ተሰነጠቀ። ተራ ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ጊዛ ግን መጉበጥ ስለማያውቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የለም። ቤቱ በአዲስ እስኪፈስና በቶርኖ እስኪስተካከል ድረስ ወፍጮው በዓሉን ዘግቶ አሳለፈ፤ ወጪውም የእኔ ሆነ።

ቀለበቱን ለማውጣት ከመነሳትዎ በፊት ምን እንደያዘው ማወቅ ይጠቅማል። በላኩት ጽሑፍ ቁጥሩ 6308 ነው ብለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ 40 ሚሊሜትር ይሰጣሉ፣ የውጪው ስፋት 90፣ ወርዱ 23 ሚሊሜትር ነው። ዘንግ የሚዞርበትና ቤቱ የሚቆምበት እንደ ወፍጮ ያለ ማሽን ላይ፣ የቤቱ ቀዳዳ በተለመደው ልክ ከ90.000 እስከ 90.035 ሚሊሜትር ድረስ ይሠራል፣ ቀለበቱ ደግሞ ከ89.985 እስከ 90.000 ድረስ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሲገጠም በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ነገር ነበር። አሁን እምቢ ካለ፣ በመካከላቸው ያለችውን የጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ክፍተት አንድ ነገር ሞልቷታል ማለት ነው፤ ዝገት ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው የቀባው ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቀዳዳው ሰፍቶበት ቀለበቱ እንዳይዞር በፑንቶ (ሹል የመውጊያ ብረት) የወጋጋው ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ዝገት ከተነሳበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለበቱን እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ የሚፈለገው ትልቅ ጉልበት ሳይሆን ቀለበቱን በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ያህል ማሳነስ ወይም ቤቱን ያንኑ ያህል ማስፋት መሆኑን ነው።

እሳት ያልመከርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ብረት በእያንዳንዱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከርዝመቱ 0.12 በመቶ ገደማ ይለጠጣል፣ ጊዛ ደግሞ ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል። 90 ሚሊሜትሩን ቀለበትና ቤቱን አንድ ላይ በ100 ዲግሪ ብናሞቃቸው ቀለበቱ በ0.108፣ ቤቱ በ0.099 ሚሊሜትር አካባቢ ይሰፋሉ፤ ማለትም ቀለበቱ ከመላላት ይልቅ ጭራሽ ይጠብቃል። ቤቱን ከውጭ በጣም በፍጥነት አሙቆ፣ ሙቀቱ ወደ ቀለበቱ ሳይደርስ መንቀል የሚቻልበት አጋጣሚ አለ፤ ነገር ግን ወፍራም ጊዛ በአንድ በኩል ብቻ ሲግል ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለጀማሪ አልመክረውም።

በእርስዎ ሁኔታ የምመርጠው የብየዳውን መንገድ ነው። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ፣ ኳሶቹ በሚሄዱበት ቦይ መሐል ላይ፣ በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ዙሪያውን አንድ የብየዳ መስመር ማስኬድ ነው። ቀለበቱ ሲግል መስፋት ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛው ቤት ግን አይለቀውም፤ ስለዚህ የጋለው ብረት በራሱ ላይ ተጨምቆ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ የተጨመቀውም የቀለጠውም ብረት ስለሚሰበሰብ ቀለበቱ ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ በጣት ተነክቶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ቤቱን ገልብጬ ስይዘው ራሱ ወድቆልኛል። የቀለበቱ ግድግዳ በቦይው ላይ 5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው፣ ብየዳው ከመሐል ካልወጣና በአንድ ቦታ ላይ ካልተቆየበት ከጊዛው ጋር አይያያዝም። ወደ ጠርዙ ካፈሰሱት ግን ቀለበቱንና ቤቱን አንድ አድርገው ስለሚበይዷቸው፣ እጅዎ በብየዳ ካልተፈታ ልምድ ላለው ሰው ይስጡት። ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ከመጨረስ ይልቅ አንድ ሩብ ከበየዱ በኋላ በትይዩው ያለውን ሩብ መበየድ የተሻለ ነው። ከዚያ ይተውት፤ እንዲፈጥን ብለው ውኃ አያፍስሱበት፣ ጋል ያለ ጊዛ በውኃ ይሰነጠቃል።

በዚህ ሥራ ሰዎች ሲሳሳቱ ያየኋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ዋነኛው ቦታው ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ በፍጹም እንዳይበይዱ፤ በአየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ነው፣ ግድግዳና ጣሪያ ላይ የተኛውም ሲራገፍ እንዲሁ። የኩሽኔታውን ቤት ፈትተው ወደ ውጭ ያውጡት፣ ግራሶውንም ጠርገው ይጨርሱ። ጠረጋውን ግን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ እንዳያደርጉት፤ አንዳንዶቹ ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ስለያዙ በብየዳ ሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናሉ። ቤቱን ከማሽኑ ሳይፈቱ ለመበየድ ከተገደዱ ደግሞ ማሳ የምንለውን የመመለሻ ገመድ በዘንጉ ላይ አያስሩት፤ ኤሌክትሪኩ በሌሎቹ ደህና ኩሽኔታዎች ውስጥ አልፎ ኳሶቻቸውን ያነቅዛቸዋል፣ ድምፃቸውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰማል። ገመዱን በዚያው ቤት ላይ ያስሩ። የከተማ ዳር መብራት እንደምታውቁት ማታ ማታ ይደክማል፣ ኤሌክትሮዱም እየተጣበቀ መስመሩን ያቆራርጠዋል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ ለጠዋት አቆየዋለሁ።

ብየዳ ካልተገኘ የሚቀረው ቀለበቱን መቁረጥ ነው። የኩሽኔታ ቀለበት ሙሉ በሙሉ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) አይበሳውም፣ የብረት መጋዝም ይንሸራተትበታል። በትንሽ ግራይንደር ከውስጥ በኩል አንድ ቦታ ላይ፣ ጊዛው ሊነካ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ይሸረሽሩታል፤ ከዚያ በተሸረሸረው ቦታ ጫፍ ላይ ስካርፔሎ አቁመው በቀላሉ ሲመቱት ቀለበቱ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቅና ይላላል። እዚህ ላይ ስካርፔሎው የሚሰብረው ቀለበቱን እንጂ ቤቱን ስላልሆነ፣ ከላይ ካወገዝኩት ጋር አይምታታ። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ግን አይሞክሩት፤ የጠነከረ ብረት ስብርባሪ እንደ ጥይት ይወረወራል። ግራይንደሩ ጊዛውን በጥቂቱ ቢጭረው ጉዳት የለውም፣ የተነሳውን ጠርዝ በሊማ (በሞረድ) ማስተካከል ይበቃል።

ሌሎች አባላት በጥያቄው ሥር የጻፉትን ሐሳብም፣ ማለትም ቤቱን ማሞቅን፣ በሚሰፋ ቡሎን መሳብንና ግራሶ ሞልቶ መምታትን፣ አይቻለሁ፤ ትክክል ናቸው፣ ነገር ግን ለሌላ ሁኔታ ነው። የሞተር ሽፋን ወይም የባጃጅ ሞተር ቤት ከአልሙኒየም የተሠራ ስለሆነ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ሙቀት ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው። በትልቅ ድስት የፈላ ውኃ ውስጥ መንከር እንኳ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ምንም እንኳ በእኛ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ቢሆንም፣ 62 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ላይ ከክፍል ሙቀት ተነስቶ የአምስት መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ይሰጣል። ዘንጉ ብቻ ወጥቶ ሙሉ ኩሽኔታ ከቀረ ደግሞ፣ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገኘውን በግድግዳ ውስጥ የሚሰፋ ቡሎን ኩሽኔታው ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ ዳዶውን በማጥበቅ ማስያዝና መሳብ ይቻላል። የኮንዶሚኒየም ሠራተኞች ያስተማሩኝ ዘዴ ነው፤ ኩሽኔታው ግን በኳሶቹ በኩል ስለሚሳብ ተመልሶ ሊሠራበት አይገባም።

ግራሶ ሞልቶ በዘንግ የመምታት ዘዴ የሚያስደስት ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን በድፍን ቀዳዳ ውስጥ ላለ የነሐስ ቡሺንግ (ኳስ የሌለው፣ ዘንግ የሚዞርበት ቱቦ) ነው። ከቡሺንጉ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ በግራሶ ተሞልቶ፣ የቀዳዳው ልክ የሆነ ዘንግ ተከትቶ ሲመታ፣ ግራሶው መጨመቅ ስለማይችል ቡሺንጉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በግራሶ ፈንታ የራሰ ወረቀት ወይም የተፈረፈረ ሳሙና የሚጠቀሙ አሉ፤ አንድ አዛውንት ባለሙያ ዳቦ ሲጠቀሙ አይቼ ስስቅ፣ ከግራሶ ያነሰ እንደሚያፈስና እጅንም እንደማያቆሽሽ አስረድተውኛል፣ እውነታቸውንም ነበር። በእርስዎ ቀለበት ላይ ግን መሐሉ ባዶ ስለሆነ ግራሶው የሚገፋው ነገር የለም። ነሐስ ለስላሳ በመሆኑ ሌላም መንገድ አለው፤ በውስጡ ጥርስ አውጥቶ ቡሎን ሲያስገቡበት፣ ቡሎኑ ድፍኑን መጨረሻ ከነካ በኋላ በዞረ ቁጥር ቡሺንጉን እያነሳ ያወጣዋል።

ቀለበቱ ሲወጣልዎ አዲሱን ኩሽኔታ ሶማሌ ተራ ሄደው ከመግዛትዎ በፊት የቤቱን ውስጥ አጥርተው ይመልከቱ። የሻይ ዓይነት ቡናማ ዱቄት ካገኙ ቀለበቱ እየተንቀጠቀጠ ዝጓል፤ እንደ መስታወት ያብረቀረቀ ከሆነ ቀለበቱ በቤቱ ውስጥ ይዞር ነበር። የፑንቶ ጠባሳ ካዩ ደግሞ ቀዳዳው ቀድሞውኑ ሰፍቷል፣ ያለፈው ጠጋኝ የሸፈነውን ችግር እርስዎ ወርሰዋል ማለት ነው። በፑንቶ የተነሱት ጥቂት ነጥቦች በወራት ውስጥ ስለሚተኙ እንደገና መውጋት አይረዳም፤ ቤቱ በቶርኖ ሰፍቶ ውስጡ ሌላ ቀለበት ተጨምቆበት ወደ 90 ሚሊሜትር መመለስ አለበት። ልኩን በተራ ካሊፐር አይመኑት፣ መቶኛ ሚሊሜትርን አይለይም፤ የውስጥ ማይክሮሜትር ያለው ቶርኖ ቤት ይዘው ይሂዱ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በሦስት አቅጣጫ ያስለኩት፣ ምክንያቱም የወፍጮ ቺንጋ ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ስለሚስብ ቀዳዳው ሞላላ የሚሆነው በዚያ በኩል ነው።

ልኩ ደህና ከሆነ አዲሱ ኩሽኔታ በዘይት ተቀብቶ በእጅ መግባት ይኖርበታል። ዘንጉ ላይ ግን ጠበቅ ብሎ ስለሚገጠም በመዶሻ ሳይሆን ከ110 ዲግሪ በማያልፍ ትኩስ ዘይት ውስጥ አሙቀው ያስገቡት፤ ኩሽኔታው የድስቱን ታች እንዳይነካ በሽቦ ይንጠልጠል። የቤቱን ውስጥ ከጠረጉ በኋላ ፎቶውንና የተለካውን ሦስት ቁጥር እዚሁ ይላኩልን፣ ቶርኖ ያስፈልገው እንደሆነ አብረን እናያለን።