በረዶ ላይ የተሰለፉት የባንክ ሴቶች ፊልም የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። የዩኒየናችን ስብሰባ ላይ አንዴ የድሮ ዶክመንተሪ ቆራርጠው አሳይተውን ነበር፣ እዚሁ ሚኒሶታ የባንክ ሠራተኛ ሴቶች ለእኩል ደመወዝ ብለው በረዶ ላይ ሰልፍ ሲወጡ፣ ስሙን ግን አልያዝኩትም። አሁን ልጄ ለሃይስኩል ፕሮጀክት ፈለገችው፣ ዩቲዩብ ላይ «እኩል ደመወዝ» ብዬ ብፈልግ የሚመጣው ሌላ ሌላ ነገር ነው፣ የት ላገኘው?
የልጅ እናት

መልስ፦ እህታችን፣ ያዩት «ዘ ዊልማር 8» ነው፣ ተዋናይዋ ሊ ግራንት በ1981 ዳይሬክት ያደረገችው። ዊልማር ከእናንተ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢነዱ የሚደርሱባት ትንሽ ከተማ ናት። በ1977 ዲሴምበር ስምንት ሴቶች ባንካቸውን ጥለው ወጡ፣ ምክንያቱም እነሱ በወር 400 ዶላር አካባቢ ተቀጥረው እያለ አንድ ልምድ የሌለው ወንድ በ700 ገባና ጭራሽ እናንተው አሠልጥኑት ተባሉ (እዚህ ጋ ማን አይናደድም?)። የባንኩ ፕሬዝዳንት ደግሞ ሁላችንም እኩል አይደለንም ብሎ መለሰላቸው። ሁለት ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ታገሉ፣ በመጨረሻ ግን የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በ1979 ውዝፍ ደመወዝ አይገባችሁም አለ፣ ልጅዎ ፊልሙን ስታይ ድል ብቻ እንዳትጠብቅ።

ወደ ፍለጋው ስንመጣ በጉዳዩ ሳይሆን በስሙ ይፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ኤሏ ሁለት ናት፣ ስምንቷን ደግሞ በቁጥር። መጀመሪያ ካኖፒ በሚባለው የፊልም ድረ ገጽ ላይ ይሞክሩ፣ የሰፈርዎ ላይብረሪ አባል ከሆነ በላይብረሪ ካርድ ብቻ በነፃ ይታያል። እዛ ካጡት ወርልድካት ላይ (የብዙ ላይብረሪዎች ካታሎግ በአንድ ላይ የሚገኝበት ድረ ገጽ ነው) ስሙን አስገብተው የትኛው ላይብረሪ ቅጂ እንዳለው ይዩ፣ ከዛ ላይብረሪዎ ከሌላ ላይብረሪ እንዲያስመጣልዎ ይጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው ይሄን አገልግሎት አያውቀውም እንጂ ለድሮ ፊልም ከዩቲዩብ በጣም ይሻላል። ላይብረሪያኗ አከፋፋዩን ከጠየቀችዎ ካሊፎርኒያ ኒውስሪል ሲያከፋፍለው ነበር ይበሏት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፣ በ1984 ሊ ግራንት ራሷ ይሄንኑ ታሪክ በተዋናዮች አሠርታው በቲቪ ታይቷል፣ ስሙ «ኤ ማተር ኦፍ ሴክስ» ነው። ለፕሮጀክቱ እውነተኛዎቹ ሴቶች ያሉበት የ1981ዱ ነው የሚጠቅማት። ከሌላ ላይብረሪ ማስመጣት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ማስረከቢያው ቀን ሳይደርስ ዛሬውኑ ይዘዙት።