ግሪን ሕንፃ ሁሉ ዘላቂ ነው ወይ?

«ግሪን እና ዘላቂ ሕንፃ ልዩነት አላቸው ወይስ ያው አንድ ነገር ነው? ለመመረቂያ ዲዛይኔ ግራ ገባኝ» ላልከው ልጅ፣ ሥራ ላይ ካየሁት ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ግሪን የሚባለው ባብዛኛው የሚቆጠር ነገር ነው። ስንት መብራት ይበላል፣ ስንት ውሃ ይቆጥባል፣ ዕቃው ከምን ተሠራ። ሊድ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ምዘና ራሱ ነጥብ መልቀም ነው፤ 40 ነጥብ ካለህ ሰርተፍኬት ታገኛለህ፣ 80 ከደረስክ ፕላቲነም ነህ። መጥፎ ነው አልልም። ዘላቂ ግን ጊዜን የሚጨምር ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው የብሩንትላንድ ኮሚሽን ለዘላቂ ልማት ያወጣው ትርጉም ሲጠቃለል፣ የዛሬን ፍላጎት ስታሟላ ነገ የሚመጡትን አትቀማ ነው።

ልዩነቱ የገባኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ ነው። ምዕራቡ ፊት ከላይ እስከ ታች መስታወት ነበር (ከሳሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ አልደብቅም)። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ከመስኮት በላይ የሚወጣ ጥላ አያቆማትም፣ በቀጥታ ትገባለች። መፍትሔ ተብሎ በሴንሰር ራሱን የሚዘጋ መጋረጃ ተገጠመ፣ ነጥብም አመጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተሮቹ ተበላሹ፣ መለዋወጫም ጠፋ። ቆይቼ ስመለስ ሠራተኞቹ መስታወቱ ላይ ካርቶን በፕላስተር ለጥፈዋል፣ ካርቶኑ ስላጨለመባቸው በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተዋል፣ ሙቀቱ ስላልቻላቸው ደግሞ ኤሲውን ለቀውታል። ሰርተፍኬቱ መግቢያው ላይ በፍሬም ተሰቅሏል። አፈርኩ።

ሌላው፣ ሁሉም ስለ መብራት ፍጆታ ሲያወራ ሕንፃው ገና ሳይከፈት የለቀቀውን ካርቦን ይረሳል። ሲሚንቶ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማ ነው። ጥፋቱ የነዳጁ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የኖራ ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ራሱ ጋዙን ይለቃል፣ ከሲሚንቶ ልቀት ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ደህና የቆመ ሕንፃ አፍርሶ በቦታው «ግሪን» መሥራት ብዙ ጊዜ አይዋጥልኝም። ጣሪያው ላይ ሶላር ስለደረደርክ የፈሰሰው ኮንክሪት አይመለስም።

አሁን ዲዛይን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል ብዬ ነው። መልስ ከሌለው ይወጣል፣ ነጥቡም ይቅር። ቀጥሎ ቢሮነቱ ቢቀር ሌላ ነገር መሆን ይችላል ወይ እላለሁ። የፎቁ ከፍታና የኮለኖቹ ርቀት እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው፣ ጠባብ አድርገህ ከቆለፍከው ወደፊት ዕጣው መፍረስ ነው።

አንተም ሶላሩን ከመሳልህ በፊት የሕንፃውን አቅጣጫ አስተካክል፣ የምዕራብ መስኮት ቀንስ፣ የማይቀር ከሆነ የጎን ጥላ ስጠው። ፕላንህን ለጥፈውና አብረን እንየው።