የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቡጢው ለምን የውሸት መሰለ?

ጥያቄ፦ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን በሞባይል አጭር የኩንግፉ ኮሜዲ እየቀረጽን ነው። በደንብ ተለማምደናል፤ ቀርጸን ስናየው ግን ቡጢው እንደማያርፍ ያስታውቃል፤ ሰውም አይስቅም። የሆንግ ኮንጎቹ እንዴት ነው የሚሠሩት? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ከልምምዱ ሳይሆን ካሜራው ከቆመበት ቦታ ነው። መቺውንና ተመቺውን ከጎን ከቀረጻችኋቸው በእጅና በፊት መካከል ያለው ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካሜራውን ከአንዳቸው ትከሻ ጀርባ አቁሙት። ያኔ ቡጢው ከአገጭ አንድ ስንዝር ርቆ ቢያልፍም ተመልካች አያውቅም፤ ተመቺው ብቻ አንገቱን በሰዓቱ ያዙር። ለደረትና ለሆድ ምት የሆንግ ኮንግ ባለሙያዎች ልብስ ላይ ዱቄት ይነሰንሱ ነበር። ሲመታ ብናኙ ቡን ሲል ምቱ ክብደት ያገኛል። ልብሱ ጠቆር ያለ ይሁን፣ ፀሐይዋም ከተዋናዮቹ ጀርባ ትምጣ፤ ከፊት ከበራች ብናኙ አይታይም። አንድ ቁንጥር ይበቃል።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚታየው። እነሱ ድብድቡን በ22 ፍሬም ቀርጸው በ24 ያሳዩት ነበር፤ እንቅስቃሴው በትንሹ ይፈጥናል። እናንተ ኤዲት ስታደርጉ ፍጥነቱን ወደ 109 በመቶ ከፍ አድርጉት። መብዛቱን ለማወቅ የሚደባደቡትን አትዩ፤ ከኋላ የሚያልፈውን መንገደኛ እዩ። እርምጃው ከተንቀጠቀጠ አልፋችኋል፤ መልሱት።

አቆራረጥ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ቡጢው ሊያርፍ ሲል ከሩቅ ምስል ወደ ቅርብ ስትቀይሩ፣ የቅርቡ ምስል ከተቋረጠበት እንዳይቀጥል። ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምር። ምስል በተቀየረ ቁጥር ዓይን ለቅጽበት ይደናገራል፤ የተደገመችው ቅንጣት ያቺን ክፍተት ትሞላለች። ካልደገማችሁ ምቱ የተዘለለ ይመስላል።

ሳቁስ? ሳቁ ያለው ከምቱ ቀጥሎ ባለው ዝምታ ውስጥ ነው። የሆንግ ኮንግ የኩንግፉ ተዋናዮቹ ጃኪ ቻን፣ ሳሞ ሁንግና ዩዌን ቢያዎ ሦስቱም በመምህር ዩ ጂም-ዩዌን ሥር በአንድ የፔኪንግ ኦፔራ (ዘፈን፣ ትወናና አክሮባት ያጣመረ የቻይና ባህላዊ ቲያትር) ትምህርት ቤት ነው ያደጉት። በዚያ ኦፔራ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከበሮውንና ነሐሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። እስክስታ የሚችል ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፦ ትከሻው ሲርገፈገፍ ቆይቶ ከበሮው ሲያቆም እኩል መቆሙን ያውቃል። ሦስት ምት ምቱ፣ ቀጥ በሉ፣ መቺው ደረቱን ነፍቶ ይኩራራ። በልባችሁ ሁለት ከቆጠራችሁ በኋላ ፊቱን አዙሮ የታመመ እጁን ያራግፍ። ሕመሙን ከምቱ ጋር እኩል ካሳየ ተራ ጠብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ድምፁን ለብቻ ቅረጹት። የያኔዎቹ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በአብዛኛው ያለ ድምፅ ተቀርጸው ኋላ ነበር ድምፅ የሚገባላቸው። የታጠፈ ፍራሽ በዱላ መምታት ጥሩ የቡጢ ድምፅ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በትርጉም ስናያቸው ከድብድቡ በቀር ንግግሩ አያስቅም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ግን ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር ይባላል። ለምን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ቀልዱ የሆንግ ኮንግ ሰዎች በሚናገሩት የቻይና ቋንቋ፣ በካንቶንኛ፣ ስለሆነ ነው። ካንቶንኛ ስድስት የድምፅ ከፍታዎች አሉት። «ሲ» የምትለዋን አንዲት ቃል ድምፅዎን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቢሏት ግጥም፣ ታሪክ፣ መሞከር፣ ጊዜ፣ ገበያ ወይም ጉዳይ ትሆናለች። እኛ «አለ»ን አጥብቀንና አላልተን ሁለት ትርጉም እንደምናወጣባት፣ እነሱ ስድስት ያወጣሉ። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ትምህርት ስሟ የገነነው ጎጃም ውስጥ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ሰምና ወርቅ ያለውን ስንኝ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሱት ሰሙ ይደርሳል፣ ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል። የሆንግ ኮንጉ ኮሜዲያን የስቴፈን ቾው «ሞ ሌይ ታው» የሚባለው መነሻና መድረሻ የሌለው ወሬ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ተጎጂ ነው።

ቋንቋው ራሱ ከሲኒማ ጠፍቶ ነበር። በ1970ዎቹ መግቢያ የሆንግ ኮንግ ፊልም በማንዳሪን (በቻይና ዋና ቋንቋ) ተውጦ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 «የ72ቱ ተከራዮች ቤት» በካንቶንኛ ወጥቶ አዳራሽ ሞላ። በ1974 የማይክል ሁዪ ኮሜዲዎች ተከተሉ። የኩንግፉ ኮሜዲው ከዚህ በኋላ ነው በ1978 ዩዌን ዎ-ፒንግ ጃኪ ቻንን ይዞ ባዘጋጃቸው ሁለት ፊልሞች የገነነው። እንግዲህ ሲያዩ የካንቶንኛውን ድምፅ ከጽሑፍ ትርጉም ጋር ይምረጡ፤ ቃሉ ባይገባዎትም የንግግሩ ምት ይሰማዎታል።

ጥያቄ፦ ከፎቅ ሲወድቁ እንዴት አይሰበሩም? ልጆቼ ከጣሪያ ሊዘሉ ይሞክራሉ። (ከቡሬ)

መልስ፦ ይሰበራሉ። ጃኪ ቻን በ1983ቱ «ፕሮጀክት ኤ» ከሰዓት ማማ ሲወድቅ ሁለት የሸራ ጥላዎች ፍጥነቱን ቀንሰውለታል። ለ1986ቱ ፊልም ዩጎዝላቪያ ውስጥ ሲቀርጽ ግን ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሯል፤ ከሰዓት ማማው ጋር ሲነጻጸር ተራ ዝላይ ነበር። ልጆችዎን ከጣሪያ ይከልክሏቸው። መውደቅ ለፊልም ካስፈለጋቸው ትልቅ ሰው ባለበት፣ ቆመው ከመሬት ከፍታ ብቻ ይሁን፤ ባዶ ካርቶኖች ተደርድረው ዙሪያቸው በገመድ ይታሰር፣ በላዩ ፍራሽ ይነጠፍ። ገመዱ ከላላ ካርቶኖቹ ተከፍተው ልጁ በመካከላቸው ወደ መሬት ይገባል። አንዴ የተጨፈለቀ ካርቶን ሁለተኛ አይመክትም፤ ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ ይቀየር።