ለኮምቦልቻው ወንድሜ፦ ማውንት ከማድረግህ በፊት ይህን አንብብ

ጥያቄህን አየሁት። ዋናው ሰርቨር ደሴ፣ ቅጂው ኮምቦልቻ፣ መሃላቸው ዲአርቢዲ (DRBD፤ አንዱ ሰርቨር ዲስክ ላይ የተጻፈውን በኔትወርክ ወደ ሌላው የሚገለብጥ ሶፍትዌር)። ደሴ ሲወድቅ የኮምቦልቻው ዲስክ በስክሪፕት ማውንት ሆኖ (ፎልደር ላይ ተገናኝቶ) ሲስተሙ ራሱ እንዲነሳ ትፈልጋለህ። የእኛ የመድኃኒት ማከፋፈያም አሠራሩ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አጫጫኑን አልፌ የሚያቃጥለውን ልንገርህ።

1. ማውንት መሆኑን ሳታረጋግጥ ምንም ነገር አታስነሳ። የእኛን ስክሪፕት የጻፈው ሰርቨሩን የተከለው ድርጅት ነው። ትዕዛዞቹን ደርድሯቸዋል፤ አንዱ ቢከሽፍም ቀጣዩ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ደሴ መብራት ሄደ፣ ባትሪውም አለቀ። ስክሪፕቱ ኮምቦልቻ ላይ ዲስኩን ፕራይመሪ (የሚጻፍበት ዋና ወገን) ሳያደርግ ማውንት አዘዘ። የእኛ ዲአርቢዲ 8.4 ነው፣ ሰከንደሪ (ቅጂ ተቀባይ) ወገን ላይ ማውንት አይፈቅድም። ከሸፈ። ስክሪፕቱ ግን ቀጥሎ የፖስትግሬስ ኮንቴይነሩን (ዳታቤዙ ለብቻው ተለይቶ የሚሠራበትን ጥቅል) አስነሳ። ኮንቴይነሩ ባዶ ፎልደር ሲያገኝ አዲስ ዳታቤዝ ፈጠረ። ፕሮግራሙም ሠንጠረዦቹን እንደ አዲስ ዘረጋ።

የመጋዘን ልጆች ስቶኩን ዜሮ ሆኖ ሲያገኙት ድርጅቱ ጋ ደወሉ። የተሰጣቸው መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፦ «በመጀመሪያው ፓስወርድ ግቡና ሥራችሁን ቀጥሉ።» ቀጠሉ። ሽያጭ ሲመዘግቡ ዋሉ። እኔ ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ደርሼ ዲስኩን በትክክል ማውንት ሳደርገው የድሮው ዳታ መጣ፣ የዕለቱ ሽያጭ ግን አልታይ አለ። ድርጅቱ «ጠፍቷል፣ ደግማችሁ መዝግቡ፤ ዳታ ማውጣት ውላችን ውስጥ የለም» ብሎ ስልኩን ዘጋብን።

አልጠፋም ነበር። ማውንቱ ከላይ ሸፍኖት እንጂ ሩት ዲስኩ (ሲስተሙ ራሱ የተጫነበት) ላይ ቁጭ ብሏል። ሩት ዲስኩን በባይንድ ማውንት (ያንኑ ዲስክ በሌላ ፎልደር በኩል በሚያሳይ ማውንት) ሌላ ፎልደር ላይ አወጣሁትና ከሥሩ ሙሉ ዳታቤዙን አገኘሁት። አንዲት ደረሰኝ አልጎደለችም። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

አንተ እዚህ እንዳትደርስ፣ ማውንት ሳይሆን በፊት ባዶውን ፎልደር በቻትር ፕላስ አይ (chattr +i) ትዕዛዝ ቆልፈው። ያኔ ሩት የሚባለው ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚም ቢሆን ምንም አይጽፍበትም፣ ኮንቴይነሩ አልነሳም ብሎ ይጮሃል። ስክሪፕቱ ውስጥ ዲስኩ ማውንት መሆኑን በማውንትፖይንት (mountpoint) ትዕዛዝ አረጋግጥ፤ ካልሆነ እዚያው ይቁም። ኤፍኤስታብ (fstab፤ ሰርቨሩ ሲበራ የሚያነበው የማውንት ዝርዝር) ላይ ኖአውቶ (noauto፤ በራሱ ማውንት እንዳይሆን) በል። ኮንቴይነሩን ደግሞ ሪስታርት ኦልዌይስ (ሁሌም በራሱ የሚነሳበት ምርጫ) ላይ እንዳታደርገው፣ ሰርቨሩ ሲበራ ማውንቱን ቀድሞ ይነሳል።

2. «ራሱ እንዲነሳ» ያልከውን ተው። ሁለት ሰርቨር ብቻ ይዘህ መሃላቸው ያለው መስመር አንድ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ሆኖ የመስመር መቆረጥና የደሴ መውደቅ አይለዩም። ፒንግ (በኔትወርክ «አለህ ወይ» ብሎ መጠየቂያ) አልመለሰም ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ደሴ እየሠራ ኮምቦልቻም ፕራይመሪ ከሆነ ሁለቱም የየራሳቸውን ይጽፋሉ። መስመሩ ሲመለስ ዲአርቢዲ አላገናኝም ይላል፣ የአንደኛውን ወገን ሥራ መጣል ግድ ይሆናል። ደንበኛ የከፈለበትን ሽያጭ የቱን ትጥላለህ? የዲአርቢዲ 9ኛው ቨርዥን ላይ ከሆንክ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ እዚያ ማውንት ስታዝ ራሱ ፕራይመሪ ሊያደርገው ይችላል።

እኛ ጋ አሁን የሚሠራው እኔ የጻፍኩት ነው። ሁሉን አዘጋጅቶ ይቆማል። ደሴ ያለ ሰው ሰርቨሩ መጥፋቱን በዓይኑ አይቶ፣ ገመዱንም ነቅሎ ይደውላል። ከዚያ ኮምቦልቻ ያለው ሰው አንድ ቃል ይጽፋል፣ ቀሪውን ስክሪፕቱ ይጨርሳል። ገመዱ የሚነቀለው መብራት ሲመለስ የደሴው ሰርቨር በራሱ ፕራይመሪ ሆኖ እንዳይነሳ ነው። ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ «ታዲያ ስክሪፕቱ ምን ጠቀመ?» ብለው ነበር። የመጋዘኑን ቀን ሳስታውሳቸው ተስማሙ።

3. ሙከራውን የሚባዛው ዲስክ ላይ አታድርግ። ከዲአርቢዲው ሥር ኤልቪኤም (LVM፤ ዲስክን የሚከፋፍል ሥርዓት) ካለህ ኮምቦልቻ ላይ ስናፕሾት (የዲስኩን የዚያች ቅጽበት ቅጂ) አንሳ፣ ሌላ ፎልደር ላይ ማውንት አድርገው፣ ዳታቤዙን በሌላ ፖርት አስነሳና የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከደሴ ጋር አስተያይ። ስትጨርስ ስናፕሾቱን አጥፋው፣ የተመደበለት ቦታ ከሞላ ዋጋ የለውም።